የብረት ቆብ በወገራ መንገድ

ከጎንደር ተነስቶ በኮሶዬ በኩል ወደ ወገራ የሚወጣውን መንገድ በሞተር ብስክሌት ያልወጣ ሰው ስለ ነፃነት ሲያወራ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። መጻሕፍቱን እኔም አንብቤያቸዋለሁ። ስለ ነፃነት የጻፉት ሊቃውንት አብዛኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሩን ዘግተው፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደጻፉ ያስታውቃል። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ነፋሱ ግን አልነካቸውም።

እኔን ነክቶኛል። ጣሊያን ከተባረረ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። በየአውራጃው ትምህርት ቤት ይከፈት ተብሎ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ላይ አንዳንዱ በሣር ክዳን ቤት፣ አንዳንዱ የጠላት ጦር ጥሎት በሄደው ሰፈር ውስጥ ተከፍቶ ነበር። እኔ ደግሞ ልጆቹ መማራቸውን፣ መምህሩም ሥራው ላይ መኖሩን አይቼ እንድመለስ መርማሪ ተብዬ ተሾምኩ። በበቅሎ ብሄድ የአንዱን ትምህርት ቤት አይቼ ወደ ሌላው እስክደርስ መምህሩ አግብቶ ወልዶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ዶቅዶቄ ያዝኩ።

ዶቅዶቄዬ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ አንዷ ነበረች። ቀለሟ የተላጠ፣ የኋላ መቀመጫዋ በበግ ቆዳ የተጠገነ፣ ስትነሳ ሰፈሩን ሁሉ የምትቀሰቅስ። ከከተማው ወጥቼ ኬላውን ካለፍኩ በኋላ ኮፍያዬን አውልቄ ኮቴ ውስጥ እሸጉጣለሁ። ከዚያ ወዲያ የማዝዘው ነገር የለም። ነፋሱ ፀጉሬን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ጆሮዬ በብርድ ይቃጠላል፣ አፌ ሳልነግረው ይዘፍናል። ኮሶዬ ስደርስ በግራዬ በኩል ምድሩ ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከታች ይከፈታል፤ አሞራ ከእግሬ በታች ሲበር አያለሁ። ከሰው በላይ የሚበር ወፍ ማየት የለመደ ሰው አሞራን ቁልቁል ሲያይ ምን እንደሚሰማው አልናገርም። ሄዳችሁ እዩት።

ይህን ደስታ ሊነጥቀኝ የመጣው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ከአዲስ አበባ ተሹሞ የመጣ የትራፊክ መቶ አለቃ ነበር፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ሕግ ያስፈልገዋል ብሎ ከልቡ የሚያምን። መጀመሪያ የጭነት ማኪናዎች በእህል ጆንያ ላይ ሰው እንዳይጭኑ ከለከለ። ቀጥሎ ፍሬኑ የማይዝ ማኪና ከኮላ ድባ ወደ ከተማ እንዳይገባ አዘዘ። እኔ ለሁለቱም አጨበጨብኩ። ፍሬን የሌለው ሰው የሚገድለው ሌላውን ነው፤ ሌላውን ደግሞ ማንም የመግደል ነፃነት የለውም። እስከዚህ ድረስ እኔና መቶ አለቃው አንድ ነበርን።

ከዚያ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ፣ በሞተር ብስክሌት ወደ ቀሐ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ሲወርድ ከአህያ ጋር ተጋጨ። አህያው ምንም አልሆነ። ተላላኪው እግሩ ተሰበረ። መቶ አለቃው ጉዳዩን ሦስት ቀን ሲመረምር ቆየና ራስ ይሸፈን ብሎ አዘዘ። ልብ በሉ፤ የተሰበረው እግር ነው። ጠጁን የከለከለ የለም፤ አህያውንም የጠየቀው የለም። ትእዛዙ ፒያሳ ላይ በጥሩንባ ተነገረ፦ ማንኛውም የሞተር ብስክሌት ነጂ የብረት ቆብ ሳያደርግ ቢገኝ መጀመሪያ ይገሠጻል፣ ሁለተኛ ሞተር ብስክሌቱ ይወረሳል።

ተግሣጹን ያገኘሁት በማግሥቱ ነው። መቶ አለቃው ፒያሳ መሐል እጁን ዘርግቶ አቆመኝ።

«ራስዎ ባዶ ነው» አለኝ።

«ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል» አልኩት።

አልሳቀም። «ትእዛዙን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ይህ ራስ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው። ሲፈነከት ግን ተሸክሞ ሆስፒታል የሚወስድዎት የእኔ ፖሊስ ነው።»

«እንዳያነሱኝ እፈርማለሁ።»

«ወድቀው ሲጮኹ ፊርማዎን አሳይቼ ልለፍ?»

ዙሪያችን የቆመው ሰው ሳቀ። እኔም ተናደድኩ፤ መልሱ መጥፎ አልነበረማ። ሌላ ጊዜ ባዶ ራሴን ከተያዝኩ ዶቅዶቄዬን እንደሚወስዳት፣ እንደማይመልሳትም በትሕትና ነገረኝ። ዶቅዶቄዬ ከሄደች ሥራዬም ሄደ፤ ያ የኮሶዬ መንገድም ሄደ። ስለዚህ ቆብ ፍለጋ ወጣሁ።

የብረት ቆብ በጎንደር ሞልቷል፤ ችግሩ ሁሉም ሥራ ላይ መሆኑ ነው። ጣሊያን ጦር ሰፈሩን ጥሎ ሲወጣ ሕዝቡ ቆቡን ሰብስቦ ለየጉዳዩ አውሎታል። ገበያ ላይ ሽምብራ የሚሰፈረው በጣሊያን ቆብ ነበር። የቀለም ቀቢው ኖራ የሚበጠበጠው በጣሊያን ቆብ ነበር። የቤት አከራዬም አንድ ነበራቸው።

«እማማ፣ ያንን የዶሮ ውሃ መጠጫ ቢያውሱኝ» አልኳቸው።

«ምነው? ዶሮ ገዛህ እንዴ?»

«የለም። ራሴ ላይ ላደርገው ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ትምህርት ሲበዛ ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ። «እኔ አንተን አይቼ አላምንም ነበር።»

በምትኩ የምበላበትን ጎድጓዳ ሳህን ለዶሮዎቹ ሰጠሁ። ቆቡን በአመድ ፈትጌ አጠብኩት፤ ውስጡ የነበረው ቆዳ በስብሶ አልቋል። አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቄበት፣ አገጬ ሥር የሚታሰር ጠፍር ሰፋሁለት። ሰፍቶኝ ቅንድቤ ላይ ይወርዳል። አንዲት አሮጊት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተቀምጠው ሳልፍ አዩኝና «አንተ! ታቦት ባለበት ራስህን ገልጠህ አትሳለምም?» ብለው ጮኹብኝ። ለመሳለም ቆቡን ልፈታ አንድ እጄን ከመሪው ሳነሳ ዶቅዶቄዬ ወደ ቦዩ ልትገባ ምንም አልቀራት። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በየት ይታለፋል?

ይህን ሁሉ ግን ታገሥኩ። ያልታገሥኩት ወገራ ላይ የሆነውን ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ዳባት መሄድ ነበረብኝ። ኬላውን ሳልፍ ቆቡን ላወልቀው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መቶ አለቃው ኬላው ላይ ፖሊስ አቁሞ፣ መንገዱንም በጭነት ማኪና የሚመላለስ ሌላ ፖሊስ ጨምሮበታል። ስለዚህ እንደ ታሠረ ሰው ቆቤን እንዳሠርኩ ወጣሁ። ነፋሱ ቆቡ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። አሞራውን ቁልቁል ለማየት ስሞክር የቆቡ ጠርዝ ዓይኔን ይከልለዋል። አምባ ጊዮርጊስን አልፌ ጉም ውስጥ ገባሁ።

ጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «ባንዳ!» የሚል ነው። ማን ነው ባንዳ ብዬ ዞር ከማለቴ ራሴ ላይ እንደ ደወል ጮኸብኝ። ድንጋይ ነው። ዶቅዶቄዬን እንደምንም አቆምኳት፤ ጆሮዬ ይጮኻል። ከመንገዱ በላይ ካለው እርከን አንድ ሽማግሌ ወረዱ፤ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ጠመንጃቸውን ወድረው።

«እጅህን አንሣ!»

አነሣሁ።

«ቆብህን አውልቅ!»

እጄን አወረድኩ።

«እጅህን አንሣ አልኩህ!»

«አያ፣ ሁለቱን ትእዛዝ ባንዴ መፈጸም አልቻልኩም» አልኩ።

«ማነህ አንተ?»

«የመንግሥት ሰው ነኝ!»

«የየትኛው መንግሥት?»

ይህን ጥያቄ ትልልቅ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ነው። «የኛው!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ቀርበው አዩኝ፤ ፊቴን በጠመንጃቸው አፈሙዝ ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ያ የተማሪ ቤቱ ሰውዬ አይደለህም? ባዶ ራሱን እየዘፈነ የሚያልፈው?»

«ነኝ፣ አያ።»

ጠመንጃቸውን አወረዱ። አምስቱን ዓመት በዚያ ደጋ ላይ ዱር ቤቴ ብለው የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። ያን ቆብ ያደረገ ጥቁር ሰው እሳቸው ዘንድ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለጣሊያን መንገድ እየመራ መንደራቸውን ያስቃጠለ ባንዳ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ ቆቡን በጣታቸው እየቆረቆሩ፣ «ሸጋ ፀጉር እያለህ የጠላት ድስት ትደፋለህ? እኔ ስለሆንኩ በድንጋይ ጀመርኩ። ከፍ ብሎ ወንድሜ አለ፤ እሱ በጥይት ነው የሚጀምር።»

ወደ ዳባት አልሄድኩም። ዞሬ ቁልቁል ወደ ጎንደር ተፈተለክሁ።

ፒያሳ ደርሼ መቶ አለቃው ሻይ የሚጠጣበት ቤት ገባሁና ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አናቱ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያክል ጉድጓድ አለ። የሆነውን ሁሉ ሰው እንዲሰማ አድርጌ ተረክሁ። መቶ አለቃው ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ አዞረው።

«ይህ ጉድጓድ ራስዎ ላይ ቢሆን ኖሮ አሁን የት ነበሩ?» አለኝ።

«ቆቡ ባይኖር ኖሮ ድንጋዩ አይወረወርም ነበር!»

«ድንጋይ ተወርውሯል ወይስ አልተወረወረም?»

«ተወርውሯል።»

«ቆቡ አድኖዎታል ወይስ አላዳነዎትም?»

«አድኖኛል፣ ግን...»

«እንግዲህ» አለና ሻዩን ጠጣ።

ቤቱ በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ቆቡ ባያመጣው ድንጋዩ አይመጣም አለ። ሌላው ወገን ድንጋይ መቼም ሰበብ አያጣም አለ። አንድ የጭነት ማኪና ሾፌር ወንበር ላይ ቆሞ «መቶ አለቃ፣ ለእኛ ደግሞ ጋሻ እዘዙልን!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተቀብሎ «ለአህያውስ?» አለ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ተናግሬ አላውቅም። ሕግ የሚታየውን ነገር ይወዳል አልኩ፤ ጠጅ ሆድ ውስጥ ስለሆነ አይታይም፣ ራስ ግን ከሩቅ ይታያል። ሰውን ከራሱ ለማዳን የሚነሳ ሹም መጨረሻው በየቤቱ ገብቶ ማን አፉን የሚያቃጥል ትኩስ ሾርባ እንደሚጠጣ መቆጣጠር ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

መቶ አለቃው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። «ይህ ሕዝብ ሕግ አክባሪ ሕዝብ ነው» አለ። «ቆቡ ምን እንደሆነ ያልገባው አንድ ሽማግሌ ስላለ አዋጅ አይሻርም።»

«መቶ አለቃ ከኬላው ወዲያ ወጥተው ያውቃሉ?» አልኩት።

አያውቅም።

እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ተወራረድን። በገበያ ቀን እኔ ባዶ ራሴን እነዳለሁ፤ እሱ ቆብ አድርጎ ከኋላዬ ይቀመጣል፤ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ወጥተን እንመለሳለን። ስለ ቆቡ ማንም ካላስቆመን እኔ ሁለተኛ አፌን ላልከፍት፣ በሄድኩበትም ሁሉ ቆብ ላደርግ። ካስቆሙን ግን ከኬላው ወዲያ ባለው መንገድ ላይ ትእዛዙ እንዳይሠራ። እጅ ተጨባበጥን። ዶቅዶቄዬና ያ ነፋስ አንድ ጉዞ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

የገበያው ቀን ብሩህ ነበር። መቶ አለቃው ካኪውን ተኩሶ ለብሶ፣ የአቧራ መነጽር አድርጎ፣ አዲስ የተወለወለ የጣሊያን ቆብ አገጩ ሥር በደንብ አሥሮ መጣ። ዶቅዶቄ ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ የገባኝ በተሳሳተ እግሩ ሊወጣ ሲሞክር ነው።

«ምን ልያዝ?» አለኝ።

«እኔን» አልኩት።

ኬላውን እንዳለፍን ለቀቅኳት። አቀበቱን እየጮኸች ወጣች። መቶ አለቃው መጀመሪያ «ቀስ ይበሉ!» አለ፤ ቀጥሎ «ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ጌታዬ!» አለ፤ ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ግን «ቀስ በል! አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል!» ብሎ ጮኸ። እጆቹን ወገቤ ላይ ቆልፎ ሆዴን ጨመቀው። ከፊታችን አንድ የጭነት ማኪና አቧራውን እያንቦለቦለ ይሄዳል። ያንን አቧራ እኔ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ አለፍኩት፤ እሱ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሙሉውን ተቀበለው። ኮሶዬ ላይ ዞር ብዬ ሳየው ሳቅ አነቀኝ። ፊቱ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። ነጭ ፊቱ ላይ መነጽሩ ያብለጨልጫል፤ ከላይ ያ ቆብ።

እኔ ሳቄ ገና አላለቀም፤ መንገዱን የሞላው ገበያተኛ ደግሞ አየን።

መጀመሪያ ያየችን እንስራ ያዘለች ሴት ናት። እንስራዋን ማውረድ እንኳ አልጠበቀችም። «እልልልል! ማረከው! ጣሊያኑን ማረከው!»

እልልታው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየዘለለ ከእኛ ቀድሞ ሄደ። ወንዶቹ ዱላቸውን እያነሱ ከየአቅጣጫው ሮጡ። በግ የሚነዳው በጉን ተወ፤ ጨው የተሸከመው ጨዉን አወረደ። መንገዱ ተዘጋ። አቆምኩ።

«እጁን ወገቡ ላይ አሥሮ አመጣው!» አለ አንዱ። መቶ አለቃው አሁንም ወገቤን አልለቀቀም።

«ጀግና! ባዶ ራሱን እኮ ነው!» አለ ሌላው፤ ትከሻዬን መታኝ፣ ሊጥለኝ ነበር።

«የት አገኘኸው፣ ጌታው?» አለኝ አንድ ጎረምሳ።

«ጎንደር፣ ፒያሳ ላይ» አልኩት። እውነቴን ነው።

«ፒያሳ! እዚያ ድረስ ገብተዋል!»

ያን ጊዜ እነዚያ አርበኛ ሽማግሌ ሰውን እየገፉ ደረሱ። ሲያውቁኝ ዓይናቸው በራ። «ይኸውላችሁ!» አሉ። «ባንዳ ብዬ በድንጋይ የመታሁት ልጅ! ተቆጭቶ ሄዶ የቆቡን ባለቤት አመጣ!» ጠመንጃቸውን ወደ ላይ አነሡና «ዘራፍ!» ብለው ፉከራቸውን ጀመሩ። መንገዱ በእልልታና በጭብጨባ ተናጠ። የልቤን ልናገር? በሕይወቴ ያላደረግሁት ጀብዱ እንደዚያ ሲዘፈንልኝ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቃወምኩም።

መቶ አለቃው አቧራ ውጦ ነበርና ሲያስል ቆየ። በመጨረሻ ድምፁ ወጣ። «እኔ... እኔ መቶ አለቃ ነኝ!»

«አማርኛ ይችላል!» አለ ጎረምሳው፣ ተገርሞ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ ለምን አይችልም?» አለ ጎኑ ያለው።

«ፖሊስ ነኝ! የትራፊክ! ሕግ ነው ይህ!»

«ማዕረጉንም ተናገረ። መቶ አለቃ ነው አሉ፤ ትልቅ ምርኮ ነው።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከሳቅ ወጣ። አንዱ ገመድ ይምጣ አለ። ሌላው አባቱ በዚያ ዘመን እንዴት እንደሞተ ጮኾ ተናገረና ዱላውን አነሣ። ዱላው ላይ ያለውን እጅ አየሁ፤ የእውነት ነበር። ወርጄ መቶ አለቃውን በጀርባዬ ከለልኩት። «የኛ ሰው ነው! የኛ ነው! ቆቡን አውልቁለትና እዩት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? ጀግና ነኝ፤ ጀግና ደግሞ ምርኮኛውን እንደማይሰጥ ያውቃሉ። እጄን አልፈው ያዙት። መቶ አለቃው የቆቡን ጠፍር ለመፍታት ሲታገል በላብ የራሰው ቋጠሮ ይበልጥ ጠበቀ።

የሰሙኝ ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ጎረምሶቹን በጠመንጃቸው ሰደፍ ወደ ኋላ ገፏቸው፤ ከዚያ ከወገባቸው ቢላዋ መዘዙ። ወደ መቶ አለቃው ጉሮሮ አስጠጉት። ጠፍሩን ሊቆርጡ ነው። እሱ ግን ምን ያውቃል? ዓይኑን ጨፈነና «እመቤቴ ማርያም፣ ልጅሽን!» ብሎ ጮኸ።

«ጣሊያንም እኮ ማርያምን ይጠራል» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ እርግጠኛ ባልሆነ ድምፅ።

ጠፍሩ ተቆረጠ። ቆቡ ወረደ፣ መነጽሩም። አቧራው ያልደረሰበት ግንባሩ ታየ፤ ከላይ ቀይ ዳማ፣ ከታች ነጭ፣ መሐሉ ላይ በክር እንደተሰመረ መስመር። ፀጉሩ ከእኔ ፀጉር ጋር አንድ ነው። ከሕዝቡ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። አዘኑ። እኔ ምርኮኛዬን ያጣሁ ያህል ነበር ያዘኑልኝ።

«ምነው ልጄ፣ አንተም?» አሉት ሽማግሌው። «ጎንደር ውስጥ በሽታ ገብቷል እንዴ?»

መንገድ ዳር አስቀመጡን፤ ከገበያ የምትመለስ ሴት ጠላ ቀዳችልን። ሽማግሌው ቆቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያገላብጡታል።

«ይህን አድርጉ ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

እኔ ጠላዬን ጠጣሁ። ያዘዘው እሱ መሆኑን ማንም አላወቀም ነበር፤ ዝም ቢል ያልፍ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ መቶ አለቃው።

«ለምን?»

«ሰው ወድቆ ራሱ እንዳይፈረከስ ብዬ።» ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሰው ወድቆ ራሱ ሲፈረከስ አይቻለሁ፤ አዲስ አበባ። ወንድሜ ነበር።»

ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ፒያሳ ላይ ያን ሁሉ ንግግር ሳደርግ፣ ሲጨበጨብልኝ፣ ሻዩን ይዞ ዝም ብሎ ነበር። ይህን ስጽፍ ሐሳቤን የለወጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ የወንድሙ ራስ የወንድሙ ነበር፣ የእኔም የእኔ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ትኩስ ሾርባ የሚለውን ቀልድ ደግሜ አላወራሁም።

ሽማግሌው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ሐሳቡ ሸጋ ነው። ድስቱ ነው ክፉ» አሉና ቆቡን መለሱለት።

ስንመለስ መቶ አለቃው ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጠፍሩ ስለተቆረጠ ሊያሥረውም አይችል። ኮሶዬን ስናልፍ ቆላው በቀኛችን ተከፈተና ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ መጣ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ማልቀስ መሰለኝ። ዞር ስል መነጽሩን አውልቋል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ፀጉሩ ቆሟል።

«አሞራውን አየኸው?» አለኝ፣ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ። «ከታች ነው! ከታች ነው የሚበረው!»

«አየሁት!»

«ፍጠን!»

ፈጠንኩ። ከተማው እስኪታየን ድረስ ሁለታችንም የጮኽነውን ጩኸት የወገራ በጎች እስከ ዛሬ ሳያስታውሱት አይቀሩም።

ኬላው ላይ ስንደርስ ፖሊሱ ሰላምታ ሰጠ። መቶ አለቃው ወረደ፣ ካኪውን አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደገና «እርስዎ» ሆንኩ።

«ውርርዱን አሸንፈዋል» አለኝ። «ከዚህ ወዲያ ቆብ አይጠየቁም። ለፖሊሶቼ ዛሬውኑ አስታውቃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ከዚህ ወዲህ ግን ትእዛዙ ትእዛዝ ነው። ራስዎ ባዶ ነው።» ቆቡንና ከኪሱ ያወጣውን መሐረብ ሰጠኝ። «ቆቡን በዚህ ይሰሩት።»

ተከራከርኩ? አልተከራከርኩም። ኮሶዬን አግኝቼ ለፒያሳ መንገድ አልጣላም። የመቶ አለቃውን መሐረብ አገጬ ሥር አሰርኩ። ቆቡ ከእኔው የባሰ ሰፊ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ ወረደ። እሱ ከኋላዬ ወጣ፤ ባዶ ራሱን።

«እርስዎስ?» አልኩት።

«ትእዛዙ የሚለው ነጂ ነው» አለ። «እኔ አልነዳም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ።»

ከፊታችን ወደ ፒያሳ የሚወስደው ቁልቁለት ባዶ ነበር። እኔ የዶሮ መጠጫ የመሰለ ነገር ደፍቼ እንደ ሕግ አክባሪ ሰው በዝግታ ጀመርኩ። ከኋላዬ ጎኔን በጉልበቱ ጎሸመኝ፤ ደግሞ ጎሸመኝ።

«ፍጠን እንጂ!» አለ። «ፍጠን አልኩህ!»

ቆቡ ጆሮዬን ደፍኖት ምንም አይሰማኝም ብዬ ጮህኩለት። ሰምቼዋለሁ። ማርሹን ቀየርኩና ቁልቁለቱን ለቀቅኳት።